ከታች ጭነት፣ ከላይ ሽርሽር

አቴንስን ለሽርሽር አይቶ በመርከብ ወደ ጣልያን የሚመለስ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አውሮፕላን የለም እንዴ?»

አለ እንጂ! ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። እርግጥ ቀበቶህን የፈታህበት፣ ሽቶህን ያስረከብክበትና «ሻንጣህ በሁለት ጣት ይበልጣል» ተብለህ የተቀጣህበት ሰዓት አይቆጠርም። መርከብ ላይ ሻንጣ የሚለካ የለም። ሆዱ ሙሉ የጭነት መኪና የዋጠ ዕቃ የአንተን ሻንጣ ምን ብሎ ይለካዋል?

ቲኬት ቆራጩ የማይነግርህ ነገር ይኼ ነው። ከግሪኩ ፓትራስ ተነስቶ ጣልያን አንኮና የሚገባው መርከብ የሚኖረው በጭነት መኪና ነው። ስካኒያ በሉት «ማን»፣ ለእኛ ሁሉም ሲኖትራክ ነው። ብርቱካኑና ዓሣው ከታች ተኝቶ ይሄዳል፤ አንተ ከላይ ምራቂ ነህ።

የጉዞ ጓዶቼ ሁለት ነበሩ። አንዱ ስለ መርከብ የሚያውቀውን ሁሉ ከታይታኒክ ፊልም የተማረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሌላዋ እቴቴ፣ የባለቤቴ አክስት፣ ምላሳቸው ቪዛ የማይጠይቅ ሴት። ስለ አቴንስ አላወራም፤ የሄደ ሁሉ ያንኑ ድንጋይ እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ፎቶ አንስቶታል። ጉዳዬ መመለሻው ነው።

ከአቴንስ ፓትራስ በአውቶቡስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቆሮንቶስን ቦይ ስንሻገር የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አነበበ። «እ.ኤ.አ. በ67 ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ራሱ አፈር ዝቆ ቁፋሮውን አስጀመረ። ቦዩ የተከፈተው ግን በ1893 ነው።»

«ተመስገን!» አሉ እቴቴ። «የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ መጥፋት የተጀመረው እኛ ሰፈር አይደለም ማለት ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ተጠብቆም ወርዱ 25 ሜትር አይሞላም። ትልቅ መርከብ ልግባ ቢል ግራና ቀኙን ይፋቃል። የጣልያኑ መርከብ አቴንስ አፍንጫ ሥር ያለውን የፒሬየስ ወደብ ትቶ ፓትራስ ላይ የሚጠብቀን አንዱም ምክንያት ይኼ ነው፤ ከፒሬየስ ቢነሳ የፔሎፖኔዝን ምድር በሙሉ መዞር አለበት። ስለዚህ መርከቡ እንዳይዞር እኛ በአውቶቡስ እንሄድለታለን። ለጭነት መኪና ሲሆን ማን ይከበራል?

ፓትራስ ላይ እቴቴ ወደብ ከማየታቸው በፊት ቅዱስ እንድርያስን ካልተሳለምኩ አሉ። ሐዋርያው የተሰቀለው እዚያው ከተማ ነው ይባላል፤ በስሙ የታነጸው ካቴድራል ትልቅ ነው፣ የራስ ቅሉም እዚያ አለ። የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን እያየ «እቴቴ፣ ገና መርከቡ ላይ ከሃያ ሰዓት በላይ ይጠብቀናል፣ እንፍጠን» አላቸው። ካህኑ ደግሞ የራስ ቅሉ እ.ኤ.አ. በ1462 ሮም ተወስዶ የተመለሰው በ1964 መሆኑን ሲያስረዳ እቴቴ ዘወር አሉ።

«ሰማህ? ሐዋርያው ጣልያን ደርሶ ለመመለስ 500 ዓመት ጠብቋል። አንተ ሃያ ሰዓት አንገበገበህ?»

መርከቡ ላይ ሰው የሚለየው በቲኬቱ ነው። ካቢን የያዘው ቁልፉን እያቃጨለ ይሄዳል። ወንበር የያዘው ቁጥሩን ይፈልጋል። ዴክ የቆረጠው ደግሞ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፍለጋ ይሮጣል። እቴቴ ዴክ ቆርጠው ከጭስ ማውጫው ሥር፣ ሙቀቱ ከሚደርስበት ቦታ ጋቢያቸውን አነጠፉ።

«እቴቴ፣ አውሮፓ መሀል ጋቢ? ያሳፍራሉ እኮ!» አለ የአክስቴ ልጅ። «እኔ ቁጥር ያለው ወንበር ነው የያዝኩት።»

«ቁጥርማ እስረኛም አለው።»

ራት ሰዓት ላይ እቴቴ የሹፌሮቹን መመገቢያ አዩ። ለብቻው ነው፤ ሳህኑ ይሞላል። ሹፌር የሚበላበት ቤት ምግቡ እንደማይታማ ከአዋሽ እስከ ሚሌ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል፤ ሰተት ብለው ገቡ። አስተናጋጁ በትሕትና «እዚህ ለሹፌር ብቻ ነው፣ እመቤት» አላቸው።

«አርባ ዓመት ሙሉ ባሌን የነዳሁት እኔ ሹፌር ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው?» በጣልያንኛ ነው ያሉት። ሹፌሮቹ ሳቁ፤ አንደኛው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። እኔና የአክስቴ ልጅ ከወዲያኛው ወገን ውድና ቀዝቃዛ ፓስታችንን በላን።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ሌላው የግሪክ ወደብ፣ ኢጉመኒጻ ደረስን። መርከቡ አፉን ከፈተ፤ ሰንሰለት፣ ፉጨት፣ የሞተር ጩኸት። ከቱርክ ድንበር ተነስቶ ሰሜን ግሪክን የሚያቋርጠው የ670 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና የሚያበቃው እዚህ ነው፤ መኪናው ሁሉ መንገዱ ሲያልቅበት ወደ መርከብ ይገባል። ድሮ የግሪክ ሹፌር ወደ ጀርመን የሚወጣው በዩጎዝላቪያ ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚያ የተነሳው ጦርነት ያንን መንገድ ሲዘጋው ጭነቱ ወደ አድርያቲክ ባሕር ዞረ፤ መርከቦቹም በዛ አሉ፣ ተለቅ አሉ፣ ፈጠኑ። ይኼን ስነግራቸው እቴቴ ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።

«እነሱ መንገድ ሲዘጋባቸው ባሕር ከፈቱ። እኛ ተዋግተን ሁለቱንም ዘጋን።»

መልስ አልነበረኝም። ብዙ ጊዜ የለኝም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የአክስቴ ልጅ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የወንበሩ አዳራሽ ማቀዝቀዣ ዓሣውንና ሰውን አይለይም፤ ሁሉም ሳይበላሽ ጣልያን መግባት አለበት መሰለኝ።

«እቴቴ፣ ከጋቢው ትንሽ ጠጋ ልበል?»

«ቁጥርህን ልበሰው።»

ኋላ ግን አስገቡት። ተረብ ሌላ፣ ብርድ ሌላ።

ጠዋት ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደኋላ መለስን፤ ጣልያን ከግሪክ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። «አንድ ሰዓት አተረፍን!» ብሎ ጮኸ የአክስቴ ልጅ። «ካተረፍክማ ያበደርኩህን መልስ» አሉት፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ስለ ሰዓት አላነሳም።

አንኮና ስንወርድ የጭነት መኪኖቹ ሥር በባትሪ እየተፈተሸ ነበር። በእነዚያ መኪኖች ሆድ ተለጥፈው ባሕሩን የሚሻገሩ ልጆች አሉ፤ ፓትራስና ኢጉመኒጻ አጥር ሥር ስንት ወጣት ቀን ሲጠብቅ ከርሟል። በዚህ ላይ አልተርብም። እግረኛውም ወረቀት ይጠየቃል፤ አንድ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ፖሊስ የእቴቴን መታወቂያ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ጣልያን ስንት ዓመት ኖረዋል፣ እመቤት?»

እቴቴ የመጡት በወጣትነታቸው፣ የሰው ቤት ሊሠሩና የሰው ልጅ ሊያሳድጉ ነው። ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እናትህን ጠይቃት። ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩልህ እኔ ሳልሆን አልቀርም።»