«ቤቶች!» ያለው ማነው?

«ኢንተራፕትስ፦ የዕቃው ኢንተራፕት።» የሊኑክስ ከርነልን የዲቫይስ ትሪ ሰነዶች ሲያገላብጡ የዚህ ዓይነት ማብራሪያ አይታጣም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ጸሐፊው መቼም የቺፑን ማንዋል አጠገቡ ዘርግቶ ነው የጻፈው።

ዲቫይስ ትሪ ቦርዱ ላይ ምን ዕቃ የት እንዳለ ለከርነሉ የሚነግር ፋይል ነው፤ ባይንዲንግ የሚሉት ሰነድ ደግሞ የፋይሉ አጻጻፍ ውል። ኢንተራፕቱ ያው በር ላይ ቆሞ የሚጣራ እንግዳ ነው። አንዱ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ አንዴ ተጣርቶ ዝም ይላል፤ ካልሰማኸው ቀረብህ። ሌላው እስክትወጣለት በሩን ይደበድባል። ሰነዱ ሊነግረን የሚገባው የትኛው እንደመጣ ነበር። ቁጥርም ተሰጥቷቸዋል፦ 1 እና 2 አንዴ ለሚጣራው፣ 4 እና 8 ለደብዳቢው። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ምሳሌው ላይ 4 ካለ ሁሉም 4 ይገለብጣል። ፈተና ኮርጆ የጎረቤቱን ስም ጭምር የጻፈው ተማሪ ትዝ ይለኛል።

ኢንተራፕቱ የሚመጣበት መስመር ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። ጂክ በሚባለው የአርም ኢንተራፕት ተቆጣጣሪ የመጀመሪያዎቹ 32 ቁጥሮች ለፕሮሰሰሮቹ የግል ጉዳይ የተያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ማንዋሉ 72 ያለው መስመር ፋይሉ ላይ 40 ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ ማንዋል ግን አስቀድሞ ቀንሶ ይጠብቅሃል። ቀጠሮ «3 ሰዓት» ሲባል «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» እንደምንለው፣ እዚህም ሳይጠይቁ መሄድ በር ተዘግቶ መድረስ ነው።

ሰነዶቹ ከተራ ጽሑፍ ያምል ወደተባለው፣ ማሽን ወደሚያነበው አጻጻፍ መዛወር ከጀመሩ ወዲህ ማሽን ያርማቸዋል። ማሽኑ ግን ራስ ነው የሚቆጥረው። መስመሩ አንድ ብቻ ሲሆን «ቢበዛ 1» ማለት ይበቃል፤ ገምጋሚዎቹም ማብራሪያውን አውጡት ይላሉ። ወገኔ ግን አንዱን በሦስት መስመር ያብራራና አምስት ሲሆኑበት «ቢበዛ 5» ብሎ ያልፋል። የትኛው የስህተት፣ የትኛው የዳታ መድረስ ጥሪ እንደሆነ በተራ በተራው መጻፍ ነበረበት፤ እሱ ግን በልቡ ይዞታል።

ደብዳቢው በተሳሳተ ቁጥር ሲመዘገብ ማንም በሌለበት በሩ ይንኳኳል። ከርነሉ ይወጣል፣ ሰው የለም፤ ይመለሳል፣ ደግሞ ይንኳኳል። ከ100,000 ጥሪ ከ99,900 በላይ የሆነው ባለቤት ካጣ፣ መስመሩን ይዘጋውና መዝገቡ ላይ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ማንም ደንታ አልሰጠውም»።