ሌባው ውርጩ ነው

የጤና ቡድን ስሙ ነው እንጂ ለጤናስ የሚሆን ነገር የለውም። እሑድ ጠዋት ሰበታ ወይም ቡራዩ ሜዳ ዳር ቆማችሁ እዩ፤ ሆዱ ቀድሞት የሚሮጥ አባወራ ሁሉ የሳምንት ንዴቱን ዳኛው ላይ ያራግፋል። በቀደም ሱሉልታ በእንግድነት ሄደን ግን ዳኛው ተረፈና ኳሷ ተከሰሰች።

3 ለ 0 እየተመራን እረፍት ወጣን። አምበላችን ኳሷን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋትና «አስተንፍሰዋታል!» ብሎ ጮኸ። ባለሜዳዎቹ ትናንት ከሰዓት ጎሚስታ ቤት ወስደው እንዳስነፏት ማሉ፣ ተገዘቱ። በረኛችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ጓንታቸውን አውልቀው ገቡበት። «ፀሐይ ላይ የተነፋች ኳስ በውርጭ ስታድር ውስጧ ያለው አየር ይሰበሰባል። ሌባው ውርጩ ነው» ሲሉ ፈረዱ።

«ውርጩስ የማን ነው? የነሱው!» አለ አምበላችን።

አትሳቁበት። በ2007 ዓ.ም. የጥምቀት ሌሊት፣ እኛ ታቦት አጅበን ስናድር፣ አሜሪካ ውስጥ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን 45 ለ 7 አሸነፈና በዚሁ ኳስ የማስተንፈስ ክስ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። የፓትሪየትሱ ኮከብ ቶም ብሬዲ 4 ጨዋታ ታገደ፤ ክለቡ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። የክለቡ ሰዎችም እንደ ጋሼ ብርዱን ነበር ምስክር የቆጠሩት። የሚያስቀው፣ ኳሶቹ በእረፍት ሰዓት በደንቡ ከተነፉ በኋላ ፓትሪየትስ 28 ለ 0 መርታቱ ነው።

እነሱስ ይሁን፤ በእነሱ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ሲያጠቃ የሚይዘው የራሱን ኳስ ነው። የእኛዋ አንዲት ናት፤ ለሁለታችንም እኩል ትለሰልሳለች። ደንቡ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይላል፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያለው መለኪያ ግን የአምበላችን አውራ ጣት ብቻ ነው። ደግሞስ አትሌቶች ለልምምድ የሚመርጡት አገር ሄዶ፣ ያን ዳገት ሲሮጥ ካደገ ሰው ጋር ገጥሞ፣ ኳስ መክሰስ ምን ይባላል? በእኔ ፍርድ ሱሉልታዎች ነጻ ናቸው።

የመልሱ ጨዋታ ሰበታ ነው። የአየር መለኪያ ያላችሁ አውሱን፤ ከነመለኪያው አንድ ተከላካይ ብትጨምሩልንም አንጠላም።