የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ለመምረጥ ለተነሳ ሰው የሚሰጥ ምክር

በታኅሣሥ የዓመቱን አሥር ምርጥ ዘፈኖች የሚያወጣ ሰው ከገጠመዎት በትሕትና ያርሙት። ፈረንጅ ዓመቱ የሚያልቅበት ጊዜ ስለሆነ ቢመርጥ አይፈረድበትም። እኛ ግን በታኅሣሥ ገና አራተኛው ወር ላይ ነን፤ መንዝ ውስጥ ገብሱ እንኳ ተወቅቶ አላለቀም። ገብስ ሳይገባ ዘፈን አይመረጥም።

የምርጫው ወር ጳጉሜን ነው። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ለምን ተፈጠረች ብለው ሲያማርሩ ከኖሩ፣ መልሱን ዛሬ አገኙት። አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት፤ ለአሥር ዘፈን በቀን ሁለት ይደርሳል። ስድስተኛዋ ቀን ስትመጣ ለይግባኝ ትሁን።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ዘፋኞቻችን በዓል እየጠበቁ ነው የሚያወጡት። ጳጉሜን 4 ለእንቁጣጣሽ ተብሎ የተለቀቀ ዘፈን ያምና ነው የዘንድሮ? በዚህ ጉዳይ ከአጎቴ ልጅ ጋር ተኳርፈን ጾም ፈትተናል። ያስታረቀን የጓሳ ሕግ ነው።

ጓሳን የማያውቁ ካሉ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የመንዝ ደጋ ሣር ነው። የቤት ክዳንም ገመድም የሚወጣው ከዚያው ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ‹ቄሮ› በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይከለከል ነበር፤ ሲደርስ ይከፈት ነበር፤ ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣ ነበር። ዘፈንም እንዲሁ ይከልከል። አምስት ዓመት አልልም፣ ሦስት ወር ይበቃል። ያኔ የጳጉሜን 4ቱ ዘፈን ለሚቀጥለው ጳጉሜን ያድራል። በወጣ በሳምንቱ ‹‹ይሄማ የዘመኑ ምርጥ ነው›› ብሎ የሚምል ሰው ለጋ ሣር እያጨደ ነው። ከራሴ ልጀምር፦ ባለፈው ዓመት አንደኛ ያልኩትን ዘፈን ርእሱን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

ሦስት ወሩ ሲያልፍ ዘፈኑን መኪና ላይ ያሳፍሩት። መርሐቤቴ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከሙከጡሪ ተነስተው ለሚን ካለፉ በኋላ መኪናው ወደ ጀማ ገደል ማዘቅዘቅ ሲጀምር ወሬ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚሰማው የሞተሩ ጩኸትና የሹፌሩ ፍላሽ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ በየመታጠፊያው ‹‹ወይ እመብርሃን›› ይላሉ። አራት ዘፈን አለፈ፤ አልሰሙትም። አምስተኛው ሲገባ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት የፊት ወንበሩን ብረት ቀስ ብሎ መታ፣ ቆየት ብሎ ደገመ፣ ከዚያ ምቱን ያዘ። ዓይናቸውን ግን እስከ ድልድዩ አልገለጡም። ያ ዘፈን ያለምንም ክርክር ሦስተኛ ወጣ።

የዩቲዩብ ቁጥር ጠቅሶ የሚከራከርዎት ይኖራል። አሜሪካኖች የቢልቦርድን ‹መቶ ዘፈን› ሰንጠረዥ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሲደረድሩ ኖረዋል፤ የቴዲ አፍሮ ‹ኢትዮጵያ› አልበምም በ2009 በዚያው ድርጅት የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ደስ ብሎናል። በካሴቱ ዘመን የእኛ ቆጣሪ ሙዚቃ ቤት በር ላይ የተሰቀለ ስፒከር ነበር። ባለሱቁ ካሴቱን ገልብጦ እንደገና ካጫወተው አንደኛ ነው፤ ቁጥር አያስፈልግም።

ትዝታን ከውድድሩ ያስወጡ። አልጠላሁትም፤ ግን ስሙ ራሱ ‹ያምና ነኝ› እያለ በዘንድሮ ዝርዝር ማስገባት ማጭበርበር ነው። ደግሞ ያሸንፋል።

ስለ ግጥም ከተጠየቁ ብዙ አይድከሙ። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን የመንዝን ሰው አጥንተው ‹ሰምና ወርቅ› የሚል መጽሐፍ በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሳተሙ ወዲህ፣ የአካባቢው ተወላጅ ሁሉ ‹‹ወርቁ አልገባህም›› ብሎ ክርክር የመዝጋት መብት አለው። እኔ ‹‹ቤቤ ቤቤ›› ብቻ ለሚል ዘፈን ተጠቅሜበታለሁ። ሠርቷል።

ደረጃ ማውጣት ጭንቅላትዎ ላይ ወጥቶ ካስቸገረዎት አንድ ሌሊት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ይደሩና በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑትን ላሊበሎች ይጠብቁ። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል። ስምዎን ከጎረቤት አስቀድመው ጠይቀዋል። እርስዎ ባና በሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ውስጥ ነዎት፤ ውጭው ውርጭ ነው፤ የዚያ ባና ሙቀት ደግሞ እንኳን ለላሊበላ ለቅዳሴም አያስነሳም። ፈጥነው ተነስተው ከሰጡ ይመረቃሉ። እንቅልፍ ካስመሰሉ ንፉግነትዎ ዜማ ወጥቶለት መንደሩ ይሰማዋል። እዚያ ደረጃ የሚያወጣው ዘፋኙ ነው፤ እኔ በዚያ ሌሊት ከመንደሩ ሁሉ መጨረሻ ወጥቻለሁ።

የቀረው ምክር ዝርዝሩን ለሰው ከማንበብዎ በፊት ቤተሰብ ማማከር ነው። እኔ አላማከርኩም። የእንቁጣጣሽ ዕለት ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ አሥሩንም ከእነማብራሪያው ለአክስቴ አነበብኩላቸው። እሳቸው ቆሎውን ያሻሉ። ስጨርስ ቀና አሉ።

‹‹ያችኛዋስ?››

‹‹የቷ፣ እትዬ?››

‹‹ያቺ፣ ከመጣህ ጀምሮ እንጨት ስትፈልጥም ፊትህን ስትታጠብም የምትላት።›› ብለው ራሳቸው አንጎራጎሯት፤ ዜማዋን አንድም ሳይስቱ።

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ‹‹እትዬ፣ እሱ እኮ የሳሙና ማስታወቂያ ነው።››

‹‹ታዲያ ሳሙናው ምን አደረገህ?›› አሉና ሦስተኛውን ቡና ቀዱልኝ።