ተመስገን ነው
አፍሮባሮሜትር የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ መጠይቁን የሚደመድመው «ማን የላከን ይመስልዎታል?» በሚል ጥያቄ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ላይ ግን ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ገና በር ሲንኳኳ፣ ያውም በሆድ ነው። ባጅ ያንጠለጠለው ልጅ «ስምዎ አይመዘገብም» ሲል እማማ የቤት ቁጥራቸው በሩ ላይ በጉልህ መጻፉ ትዝ ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ምን ችግር አለ? መንግሥት? «ተመስገን ነው።» ሹሞቹ? «ዕድሜ ይስጣቸው።» ጉቦ? «እኛ ሰፈር? ኧረ በስማም!» ውኃስ? «አለ፤ ፈረቃው ሲደርስ ይመጣል።» ልጁ ደረጃውን እንደወረደ ጀበና ይጣዳል፤ ትክክለኛው መልስ ያኔ ይጀመራል፣ ቅጽ የሚሞላ ሲጠፋ።

ተቋሙ በ2005 ዓ.ም. 2,400 ኢትዮጵያውያንን ሲጠይቅ፣ ለአገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ማርክ በአህጉሩ ከላይኞቹ ተርታ ሆነ። ባለሙያዎቹ ግራ ገባቸውና፣ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው ወይስ የተለየ የዴሞክራሲ ግንዛቤ ብለው ጥናት ጻፉ። (አራተኛውን፣ ይሉኝታን፣ ረሱት።) በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ያዙ። እንዲህ ለተስማማ አገር 2,400 ሰው ማድከም ምን ይሉታል? አንድ በር ማንኳኳት ይበቃ ነበር።