ስለ ቆመችው ሞተር የቀረበ መከላከያ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የላከቻቸው ባለቤቴ ናት። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፣ የኑሮ ውድነት ተነሥቶ በሚገባ ተወቀሰ፤ ከዚያ ታላቅየው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና ወደ ጉዳዩ ገቡ። ጉዳዩ መጠጥ አይደለም። ሌላ ሴትም አይደለም። ጉዳዩ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው ሞተሬ ናት። «ልጄ፣ ከ2009 ጀምሮ የማትነዳትን ሞተር ምን ልትሆንህ ይዘሃታል? ሽጣትና ተገላገል» አሉኝ።

በዕለቱ ተገቢውን መልስ አልሰጠሁም፤ አፌ ቆሎ ይዞ ነበር። ለሽማግሌ በጽሑፍ መመለስ ነውር መሆኑም አይጠፋኝም። ነገር ግን ክሱ እኔን ብቻ ሳይሆን በየግቢው ተሸፍነው የሚኖሩ ሞተሮችንና በየቅዳሜው አጠገባቸው የሚንበረከኩ ባለቤቶቻቸውን ሁሉ የሚነካ ስለሆነ፣ መከላከያዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ሲጀመር፣ ክሱ ሞተር የሚገዛው ለመሄጃ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ለመሄጃማ ታክሲ አለ፣ ባቡር አለ፣ እግር አለ። መሄድ የፈለገ ሰው ሞተር አይገዛም፤ ይሄዳል። ሞተር የሚገዛው ሊፈታ፣ ሊወለወል፣ መልሶ ሊገጠም፣ ተገጥሞ ሲያበቃም ለተረፈው አንድ ቡሎን ቦታ ሊፈለግለት ነው። ቡሎኑ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው። ከየት እንደ ወጣ ሳላውቅ ሞተሯን ለሰው ብሸጥ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ታሪክም ከእኔ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በቤንዚን የምትሠራ፣ አካሏም ጎማዋም እንጨት የሆነ ሞተር ሳይክል ሠሩ። በዚያው ዓመት በኅዳር የዳይምለር ልጅ ፓውል፣ ገና ጎረምሳ፣ ከካንሽታት ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነዳት። መንገድ ላይ ኮርቻው በእሳት ተያያዘ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የጋለ ቱቦ ልክ ከመቀመጫው ሥር ነበርና። በዓመቱ አባትየው ፊቱን ወደ ባለ አራት ጎማ አዞረ። ከዚህ ሌሎች ምን እንደ ተማሩ አላውቅም፤ እኔ የተማርኩት ኮርቻ የሚቃጠለው ሞተሯ ስትሄድ መሆኑን ነው። የእኔ ኮርቻ፣ በሐምሌ ከምታጮልቀው ፀሐይ በስተቀር፣ አንድም ቀን አልጋለም።

ኤርኔስቶ ጉቬራም አለ፤ በኋላ ቼ የተባለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር ደቡብ አሜሪካን ሊያስስ የወጣው «ላ ፖዴሮሳ» በተባለች ኖርተን 500 ነበር። ትርጉሙ «ኃያሏ» ማለት ነው። ኃያሏ ቺሊ ላይ እጇን ሰጠች፤ ወጣቶቹ የቀረውን መንገድ በእግር፣ በሰው መኪናና በመርከብ ጨረሱት፤ ማዕድን ሠራተኞችንም የሥጋ ደዌ ሕሙማንንም ያገኙት ከሞተር ከወረዱ በኋላ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ሁለት ጎረምሶች ሽርሽር ሄደው ተመለሱ ይባል ነበር። ደራሲው ሮበርት ፒርሲግም ቢሆን 121 አሳታሚዎች ከመለሱበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመውን ዝነኛ መጽሐፉን የሰየመው በሞተር ሳይክል ጥገና እንጂ በሞተር ሳይክል መንዳት አይደለም።

አሁን ወደ ራሷ ወደ ተከሳሿ ልምጣ። ያማሃ ኤጂ 100 ናት፤ ለእርሻና ለገጠር ሥራ የተሠራች። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አላት፤ ሰንሰለቷ በሽፋን ውስጥ ነው፤ ዘይትና ቤንዚን አብራ ታቃጥላለች። ከሁሉ በላይ ልቤን የማረከው ግን ማቆሚያዋ ነው። የአብዛኛው ሞተር የጎን ማቆሚያ እግር በግራ በኩል አንድ ብቻ ነው፤ የእሷ በግራም በቀኝም አለ። ገበሬ በየትኛውም ተዳፋት ላይ እንዲያቆማት ታስቦ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ የማየው መሐንዲሶቿ ስለ መቆሟ ሁለት ጊዜ ያሰቡላትን ሞተር ነው።

ያገናኘን ደላላ «አንድ እጅ ናት፤ ቤንዚንማ አሽታ ነው የምትሄደው» ብሎኝ ነበር። ሰዎች ደላላ ይዋሻል ይላሉ። ይህኛው አልዋሸም፤ እስከ ዛሬ ከማሽተት አላለፈችም።

እግረ መንገዴን ሞተር ለመምረጥ ለሚያስቡ ወጣቶች አንድ ምክር ልስጥ። አዲስ ሞተር አትግዙ። አዲስ ሞተር ከባድ ጉድለት አለበት፤ ይነሣል። የተነሣ ሞተር ደግሞ ይዞ ይሄዳል፤ ቅዳሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ባለቤቱ እጁ ግራሶ ሳይነካ ያረጃል። ከኤሌክትሪኩም ተጠንቀቁ። ካርቡሬተር የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው፤ ሰው በምን ሊጽናና ነው? መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ ሞተርም ለትዳር አይሆንም፤ ሁለት ሰዓት ላይ የተበላሸው አራት ሰዓት ላይ ተሠርቶ ያልቃል። የሚመረጠው ባለሱቁ ስሙን ሲሰማ ዝም ብሎ የሚያያችሁ፣ ከዚያ የጎረቤቱን ባለሱቅ ጠርቶ «ና ስማ» የሚልበት ሞተር ነው።

በዝርዝር እንዲገባችሁ የአንድ ቅዳሜ ውሎዬን ልንገራችሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸራው ይገለጣል። ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ከ8 እስከ 17 ቁጥር ቁልፍ በጨርቅ ላይ በተርታ ይደረደራል። 10 ቁጥር ቁልፍ የለም። እሱ ይፈለጋል። ሳይገኝ አራት ሰዓት ይሆናል፤ ቡና ይመጣል። ከቡና በኋላ ካንዴላው ወጥቶ ይታያል፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ ክፍተቱ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፣ ይመለሳል። ከዚያ ርግጫው ይጀመራል። የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተደርድረው ይቆጥሩልኛል፤ መቁጠር የተማሩት ከእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። 40 ሲደርሱ ያጨበጭባሉ። እኔም ሸራውን እመልሳለሁ።

ካንዴላው የሚጠቁርበት ምክንያት ክቡር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ከቆላው በጣም የሳሳ ነው። ለምጽዋ የተስማማ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል። መድኃኒቱ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች የቤንዚን ማሳለፊያ ነው፤ ከትንሽ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ናስ። እሷን ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሄድኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። «እሷ የለችም፤ ግን የሌላ ሞርደን እናስገባለን» ይሉኛል። ሞርደው ያስገባሉ። አትገባም። እኔ በዚህ ሰበብ የከተማዬን ከፍታ፣ የአየሯን ውፍረት፣ የናስን ጠባይ ዐውቄአለሁ። በሚሄድ ሞተር ሽው የሚለው ጎረቤቴ በስንት ሜትር ከፍታ እንደሚኖር ጠይቁት እስቲ።

ሜካኒኬ ትሑት ልጅ ነው። በመጣ ቁጥር ጆሮውን ወደ ሞተሯ ያስጠጋል፣ ፍሪሲዮኗን ጠበቅ ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቅና «ጋሼ፣ ነገ ትነሣለች» ይለኛል። ቃሉን አንድም ቀን አልለወጠም። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አባ ታጠቅ ሲባል ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ዐፄ ምኒልክ፣ አባ ነጋ ሲባል ራስ አሉላ። እኔም ባለ ሞተር እንደ መሆኔ ሰፈሩ አባ ነገ ብሎኛል። ከራስ አሉላ ጋር በአንድ ፊደል ቤት ብቻ እለያያለሁ።

ስለ ገንዘቡም ሽማግሌዎቹ ጠይቀው ነበር። ወደሚቀጥለው ነጥብ እንለፍ።

እውነት ለመናገር ሞተሬ አንድ ጊዜ በድላኛለች። ተነሥታለች። ዕለቱ በ2009 የቃና ዘገሊላ ጠዋት ነበር፤ ገና በገዛኋት በአራተኛ ወሯ። በሦስተኛው ርግጫ አጓርታ ሰፈሩን በጭስ ስትሞላው እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ባለቤቴ እልል አለች። እኔም ሰው እያየኝ ምን ላድርግ፣ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ታቦት ሊያልፍ ወጣቶች ምንጣፍ እየጠቀለሉ፣ እየሮጡ፣ እያነጠፉ ነበር። ከመንገዱ ልወጣ ስጠመዝዝ፣ ገና ያልተነጠፈው ምንጣፍ ፊት ለፊት፣ ጸጥ አለች። ማርሽ ብነካካ፣ ብረግጥ፣ ብለምናት፣ የለችም። ስድስት ወጣቶች መጡ። ውረድ እንኳ አላሉኝም፤ እኔን ከነሞተሬ አንሥተው ዳር ላይ አስቀመጡኝና ወደ ምንጣፋቸው ሮጡ። ትራፊክ ፖሊሱ ግን አልሮጠም። ፍሬቻዋን አብራ አለኝ፤ አልበራም። ቦሎ ጠየቀኝ። ስፖኪዮውን ሲነካው በእጁ ላይ ቀረ። ወደ ቤት የተመለስነው አይሱዙ ላይ ተጭነን ነው፤ ከጎናችን አንድ በግ ነበረ፤ እሱም የተገዛ እንጂ የሚነዳ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሕግ ፊት ጠባይዋ እንከን የለበትም። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች ያለ ልዩ ፈቃድ በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል፣ ባለ ሞተር ወዳጆቼ ሁሉ በየቢሮው ሲንከራተቱ ከረሙ። የእኔ ክልከላውን ከሁለት ዓመት በላይ ቀድማ ስታከብር ቆይታለች። ለቤንዚን ተሰልፋ አታውቅም፤ እግረኛ አልገጨችም፤ ቅጣት የለባትም። በከተማው ውስጥ ይህን ደፍሮ የሚናገር ስንት ባለ ተሽከርካሪ አለ?

ሥራ ፈትም አይደለችም። የፊት መጫኛዋ ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ መሪዋ ላይ የልጆች ካልሲ ይደርቃል። ባለፈው ዓመት ዶሯችን በሸራው ሥር ሾልካ በጎማውና በግድግዳው መካከል ዕንቁላል ታቀፈች። ዶሮ 21 ቀን ያስፈልጋታል፤ በነዚያ ቀናት ርግጫ መጀመር ጭካኔ ስለሆነ ጥገናው በይደር ቆየ። ሰባት ጫጩት ተፈለፈለ። ከዚያ የቃና ዘገሊላ ወዲህ ከዚያ ጓሮ በራሳቸው ኃይል ተነሥተው ሲወጡ ያየኋቸው የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው።

ታላቁ ሽማግሌ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ እኮ» ብለውኛል። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ምሳሌው እኔን አይገልጸኝም። የእኔ ላም እዚሁ ጓሮ ናት፤ ሄጄ እዳብሳታለሁ። የጎደለው ወተቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለአንባቢ ሁለት ልመና አለኝ። የኤጂ 100 ካርቡሬተር ማሳለፊያ በሶማሌ ተራም ይሁን ከዱባይ በመጣ በማንም ዘመዳችሁ ሻንጣ ውስጥ ብታዩ፣ እባካችሁ አትደውሉልኝ፤ ለሜካኒኬ ደግሞ ጨርሶ እንዳትነግሩት። 10 ቁጥር ቁልፌን የተዋሰኝ ጎረቤት ግን ይመልስልኝ፤ ቅዳሜ ደርሷል።