አምፖሉና አውራ ዶሮው

ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃን፣ የጥቅምት ውርጭ ሣሩን ማንጣት በሚጀምርበት ሰሞን፣ በአንዲት ባልቴት ቤት 40 ጫጩቶች በአንድ ሣጥን ይኖሩ ነበር። ከሥራቸው ጭድ፣ ከላያቸው አምፖል። በማሽን የተፈለፈሉ ናቸውና እናት አያውቁም፤ ክንፍ የሆናቸው ያ አምፖል ነበር። ሲያድጉ ሣጥኑ ጠበባቸው፤ እርስ በርስ ይናቆሩ ጀመር።

አውራ ዶሮው አጥር ላይ ወጥቶ፣ «ዛሬውኑ ይውጡ!» አለ። «ለእኛ ማን አምፖል አበራልን? በብርድና በጭልፊት መካከል አድገን ይኸው ቆመናል።»

አምፖሉ ከቤት ውስጥ መለሰ፦ «ያለ እኔ አንድ ሌሊት አያድሩም። ውጭው ሸለምጥማጥና ፈንግል ነው። ከሥሬ ይቆዩ።»

ነገሩ ለሽማግሌው ለመንዝ በግ ቀረበ። በጉም ብዙ ጊዜ ያቀፈችውን እመት ዶሮን አስጠራ።

እመት ዶሮ አስቀድማ፣ «አያ አውራ ዶሮ፣ ከአንተ ጋር ስንት ተፈለፈሉ?» አለችው።

«አሥር ነበርን።»

«ዛሬ ከጎንህ ስንቱ አለ?»

አውራ ዶሮው ዝም አለ።

«ብርዱ አሳደገኝ የምትለው ስለተረፍክ ነው። ዘጠኙ መጥተው አይመሰክሩም።»

በሰው መንደርም እንዲሁ ነው። ችግር ያጠነከረው ስለ ችግር ሲናገር ይደመጣል፤ ችግር የገደለው ግን ከሸንጎው የለም። ስለ ወጣቶቻችን ስንፈርድ ይህን ብንረሳ ትልቅ በደል ነው።

እመት ዶሮ ቀጥላ ወደ አምፖሉ ዞረች። «አንተ ከልብህ ትወዳቸዋለህ። ግን በመጀመሪያው ሳምንት 33 ዲግሪ ገደማ ቢበቃቸው፣ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ መቀነስ ነበረብህ። ዛሬም እንደ ፊተኛው ቀን ታነድዳለህ። ሙቀት ሲበዛ ላባ ይዘገያል።»

«ቢበርዳቸውስ? ማን ይነግረኛል?»

«እነሱው ይነግሩሃል! ሁለታችሁም ስለ እነሱ ትሟገታላችሁ፤ እንዴት እንደሚተኙ ያየ ግን የለም። ከሥርህ ተቆልለው ከጮኹ በርዷቸዋል። ሸሽተውህ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ አቃጥለሃቸዋል። ሣጥኑን ሞልተው ተዘርግተው ከተኙ ደህና ናቸው።»

በጉ በበሩ አጮልቆ አየ። ጫጩቶቹ ከሣጥኑ ጠርዝ ተለጥፈው ያለከልኩ ነበር።

ፍርድ ተሰጠ። አምፖሉ በየቀኑ ጥቂት ከፍ ይበል፤ ኋላም ቀን ቀን ይጥፋ። ጫጩቶቹ ፀሐይ ሲሞቅ ለአንድ ሰዓት፣ ቆይቶም ለግማሽ ቀን ወጥተው ማታ ይመለሱ። የፈንግል ክትባት ሳይወስዱ፣ ጀርባቸውም ላባ ሳይለብስ ውጭ አይደሩ።

እመት ዶሮ ግን አልተቀመጠችም። «የፈረዳችሁት ስለ ጫጩቶቹ ብቻ ነው። የሚገቡበት ቤትስ? በግድግዳው ቀዳዳ ሸለምጥማጥ ይገባል። የመኖ ገንዳው አንድ ነው፤ እሱንም እኛ ትልልቆቹ ከበነዋል።»

አውራ ዶሮው ተቆጣ። «ይልመዱታ! እኛም ተነቁረን ነው ያደግነው።»

«እንግዲያስ ይውጡ ያልከው ከቤት እንዲባረሩ ነው እንጂ፣ ወደ እኛ እንዲገቡ አልነበረም» አለችው። በጉም ቤቱና ገንዳው እንዲስተካከሉላቸው ከፍርዱ ጋር አጸና።

ባልቴቲቱ ቀዳዳውን ደፈነች፣ ሁለተኛ ገንዳ አስገባች፣ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ሳይነካኩ እንዲተያዩም መካከላቸው ሽቦ ወጠረች። ሽቦው የተነሣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ከተነሣም በኋላ በመጀመሪያዋ ሌሊት ጫጩቶቹ ቆጥ ምን እንደ ሆነ ስላላወቁ አንድ ጥግ ላይ ተቆለሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ሊሞቱ ደረሱ። ባልቴቲቱ በኩራዝ ገብታ አንድ በአንድ ቆጥ ላይ አወጣቻቸው። እመት ዶሮም ከላይኛው ቆጥ ወርዳ ከእነሱ ጋር አደረች፤ በማግስቱም እንዲሁ፣ ሁሉም ራሳቸው መውጣት እስኪለምዱ ድረስ።

ከ40ዎቹ 38ቱ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ተሻገሩ። ሁለተኛው ገንዳ እስከ ዛሬ ከቦታው አልተነሣም።