ቁጡ መላጫ በጎልማሳ ጉንጭ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፤ በባለሁለት ስለት ምላጭ ተተኳሪነት

1. የጥናቱ ዳራ

ጢም ይበቅላል። በመስኩ ከተሰማሩ ሰዎች መካከል ይህን ነጥብ የሚቃወም እስካሁን አልተገኘም። ፍጥነቱ ከሰው ሰው ቢለያይም በቀን ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ዓመት በዓል ነው፣ ሐዘን ነው ወይም ውሃ የጠፋበት ሳምንት ነው ብሎ ዕድገቱን ያዘገየበት ጊዜ የለም። በዚህም ምክንያት የወንድ ልጅ ጠዋት በሁለት አማራጮች ተወስኖ ኖሯል፦ ወይ መላጨት፣ ወይ “ምነው፣ መነኮስክ እንዴ?” መባል።

ይህ ጥናት የመጀመሪያውን አማራጭ፣ በተለይም “ቁጡ” የሚል ስም ያተረፈውን ባለሁለት ስለት የብረት መላጫ ይመለከታል። የችግሩ መነሻ ይህ ነው። ከሰፈር ሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ መላጫ ጢም ይቆርጣል፤ ዋጋው አይጎዳም፤ ቆዳንም እምብዛም አይደፍርም። እንዲህ ሆኖ ሳለ የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ ልጆች የሚያሳድግ ጎልማሳ እሱን ትቶ አያቶች ይጠቀሙበት ወደነበረው ከባድ የብረት መላጫ ሲመለስ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ናፍቆት ነው ተብሎ ሊታለፍ በቻለ ነበር። ሰውየው ግን በዚህ አይበቃውም፤ ከብረት መላጫዎች መካከል ደግሞ የሚፈራውን አማርጦ ይገዛል። ስለዚህ የጥናቱ መሪ ጥያቄ “ከአደጋ እንዲጠብቅ ተብሎ ከተሠራ ዕቃ ውስጥ ሰው አደገኛውን ለይቶ የሚመርጠው ለምንድን ነው?” የሚል ይሆናል።

2. የተዛማጅ ሥራዎች ቅኝት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ቢላዋ ሠሪ፣ ሰው ራሱን በራሱ መላጨት እንዲማር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ስለቱ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ እንዳይገባም በእንጨት መከለያ ገደበው። ከዚያ በፊት ባለጢሙ በአብዛኛው የሚላጨው በባለሙያ እጅ ስለነበር ፊቱ በተቆረጠ ቁጥር የሚወቅሰው ሰው ነበረው። የፔሬ አስተዋጽኦ ወቃሽና ተወቃሽን በአንድ መስታወት ፊት ማገናኘቱ ነው።

ዋናው ለውጥ የመጣው ከአሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ጂሌት እየዞረ የጠርሙስ ቆርኪ የሚሸጥ ሰው ነበር። የቆርኪው ፈልሳፊና አለቃው ዊሊያም ፔይንተር፣ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትና ተመልሰው የሚገዙት ነገር እንዲፈጥር መከረው። እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ ጠዋት የደነዘ መላጫውን ይዞ ቆሞ ሳለ ምክሩ ፍሬ አፈራ፦ እጀታው ይቆያል፣ ምላጩ ይጣላል። የብረት አዋቂዎች ያን ያህል የሳሳ ብረት ሊጠነክርና ሊሳል አይችልም አሉት። ዊሊያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ መላውን ካገኘ በኋላ በ1901 ኩባንያ ተቋቋመ። ሽያጭ በተጀመረበት በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መላጫው ብቻ ከ90 ሺህ በለጠ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ደግሞ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። አንድ ትውልድ በየጠዋቱ መላጨትን ከምሽግ ይዞት ተመለሰ።

የቀደሙ አጥኚዎች በበቂ ያልመረመሯቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው፣ ጂሌት መላጫውን ከማሰቡ በፊት በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ የንግድ ውድድር ቀርቶ ሕዝቡ ከናያግራ ፏፏቴ ኃይል በሚያገኝ አንድ ግዙፍ ከተማ እንዲኖር ሐሳብ ማቅረቡ ነው። ከተማው አልተሠራም፤ ምላጩ ግን ተሸጠ። ሁለተኛው፣ በየምላጩ መጠቅለያ ላይ ለዓለም የተሠራጨው የጂሌት ምስል ሪዙን ያጎፈረ መሆኑ ነው። ይህም አምራቹ በምርቱ ላይ የነበረው እምነት ከአፍንጫው ሥር ሲደርስ እንደሚያበቃ የሚጠቁም ሲሆን ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።

3. የቁልፍ ቃላት ብያኔ

“የዋህ” እና “ቁጡ” የሚሉት ቃላት እዚህ የሚያመለክቱት ጠባይን ሳይሆን ልክን ነው። ምላጩ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ተለማጭ ብረት ነው። የመላጫው ክዳን ሲጠብቅበት ጎብጦ ይቆማል፣ ጥንካሬም ያገኛል። ቁጣው የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በስለቱና ከሥሩ ባለው መከላከያ ጠርዝ መካከል በሚቀረው ክፍተት፣ ስለቱ ከክዳኑ አልፎ ወደ ውጭ ብቅ በሚልበት መጠን፣ እንዲሁም ከፊት ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን። ክፍተቱ ሲሰፋና ስለቱ ወጣ ሲል መላጫው ብዙ ጢም በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ ጢም በሌለበትም ያገኘውን ያነሣል።

ለማሳያ ያህል፣ በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት የሚገኘው ሚዩለ የተባለው ፋብሪካ ሁለት መላጫዎችን ያመርታል። አር 89 የሚባለው ከስለቱ ሥር ድፍን ጠርዝ ያለውና ሰው የማይቀየም ነው። አር 41 የሚባለው ግን ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ሲሆን በዚህ ዘርፍ የቁጡዎች አለቃ ተደርጎ ይታያል። እጀታ ላይ ሲታዩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ሸሚዝ ከተለበሰ በኋላ ነው። የጂሌት ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያለው ተስተካካይ መላጫ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ሰው የሚደርስበትን ቁጣ በቁጥር መርጦ ቀኑን ከሚጀምርባቸው ጥቂት ዕድሎች አንዱ ይህ ነው።

4. የጥናቱ ዘዴ

ጥናቱ ተሳታፊ ምልከታን ተጠቅሟል። ለመረጃ መሰብሰቢያነት መስታወት፣ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ የጢም ብሩሽና የሶፍት ቁራጭ አገልግለዋል። ሞቅ ያለ ውሃ የገባው ለምቾት አይደለም፤ ጢም ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና ስለሚለሰልስ ለመቁረጥ የሚጠይቀው ኃይል ይቀንሳል። የተገኘው ውጤት በሦስት መንገድ ተመሳክሯል፦ በዐይን፣ በመዳፍ፣ በሸሚዝ ኮሌታ።

5. ግኝቶችና ትንተና

5.1. ጉንጭ። ጉንጭ ሰፊና ሜዳማ በመሆኑ ቁጡው መላጫ በዚህ ሥፍራ የሚወራበትን ያህል ሆኖ አይገኝም። ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እየቆረጠ ከርከር የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ከኋላው ንጹሕ መንገድ ይተዋል። ተላጪው “ይሄ ነው እንዴ የሚፈራው?” ይላል። ከዚህ በኋላ ለሚመዘገቡት ጉዳቶች ሁሉ መነሻው ይህ አባባል ሆኖ ተገኝቷል።

5.2. አገጭና ማንቁርት። አገጭ ላይ ቆዳው ይታጠፋል፣ የጢሙም አቅጣጫ ይለዋወጣል። ማንቁርት ደግሞ ባለቤቱ ሳያዝዘው ይንቀሳቀሳል። ሰው ምራቁን መዋጥ እንደሌለበት ትዝ የሚለው ምራቁን በሚውጥበት ቅጽበት መሆኑ በተደጋጋሚ ተስተውሏል።

5.3. ክንድ። የፕላስቲክ መላጫ ተጠቃሚውን መጫን ያስለምደዋል። የብረቱ መላጫ ግን በራሱ ክብደት ይበቃዋል፤ በ30 ዲግሪ ገደማ አዘንብለው ከያዙት የእጅ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ተጫኞች ይህን የሚማሩት በቃል ማብራሪያ አይደለም።

5.4. የብረትና የጢም ግንኙነት። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ምላጭ ለምን እንደሚደንዝ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አጥንተው ነበር። የጢም ፀጉር ከምላጩ ብረት 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልስ ቢሆንም የስለቱን ጠርዝ ሊሸርፈው እንደሚችል አሳይተዋል፤ በተለይ ፀጉሩ ጋደል ብሎ ብረቱ ወጥነት ባጣበት ቦታ ሲያገኘው። “ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጧል?” የሚለው የአገራችን ብሂል የበጪውን መጎዳት አስቀድሞ ማንሳቱ በዚህ አጋጣሚ ሊመዘገብ ይገባል።

5.5. ጥቅልል ጢም። ጢማቸው የሚጠቀለል ሰዎች ለአንድ ምላጭ ብቻ የሚከራከሩበት በቂ ምክንያት አላቸው። በባለብዙ ምላጭ መላጫ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ይስባል፣ የሚከተለው ከቆዳ ሥር ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ሲያድግ ይጠመዘዝና ቆዳውን ወግቶ ይገባል፤ አንገት በሽፍታ ይሞላል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ይህ ችግር በጥቁር ወታደሮች ላይ እየበዛ ላለመላጨት የሐኪም ፈቃድ እስከማሰጠት ደርሷል። አንድ ምላጭ ይህን ይቀንሳል። ሆኖም ያው ሰው ቁጡውን መላጫ ይዞ ከጢሙ አበቃቀል በተቃራኒ እየደጋገመ ከወጣ፣ በአምስት ምላጭ ይደርስበት የነበረውን በአንዱ ያገኘዋል።

5.6. የምላጩ መጨረሻ። ፔይንተር የሚጣል ነገር ፍጠር ብሎ ሲመክር ወዴት እንደሚጣል አልመከረም። በአሜሪካ የድሮ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍል ሣጥን ጀርባ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ይገኛል፤ ያገለገለ ምላጭ በዚያ በኩል ግድግዳ ውስጥ ይወድቅ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ የሁለት ትውልድ ምላጭ አብሮ ይፈርሳል። በእኛ አገር ግን የመጣል ጽንሰ ሐሳብ ራሱ ተቀባይነት አላገኘም። ምላጭ እርሳስ ይቀርጻል፣ ስፌት ይፈታል፣ ጥፍር ያስተካክላል፤ ፀጉር ቤት ውስጥም ከነመጠቅለያው ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ በመላጫው ላይ ይገባል። በዚህም የተነሳ አንድ ምላጭ በስንተኛው መላጨት እንደሚደንዝ በቤት ውስጥ መለካት አልተቻለም፤ ከመደንዙ በፊት በስፌት ዕቃ መካከል ይገኛልና።

5.7. የልስላሴ ሒሳብ። ቁጡው መላጫ ከየዋሁ በ0.1 ሚሊሜትር አስጠግቶ ይቆርጣል ብለን ለባለቤቱ እናድላ። ጢም በቀን 0.4 ሚሊሜትር የሚያድግ ከሆነ ይህ ብልጫ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የተላጨ ሰው ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲቀመጥ የዋሁን መላጫ የተጠቀመው የሥራ ባልደረባው ተላጭቶ ሲነሳ ከነበረበት ደረጃ ላይ ይገኛል ማለት ነው። በነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥም ልዩነቱን ያስተዋለ አለቃ፣ ደንበኛ ወይም የታክሲ ረዳት አልተገኘም። ያስተዋለው ሌላ የቁጡ መላጫ ባለቤት ብቻ ሲሆን እሱም ስለ ራሱ መላጫ ለመናገር ተራ እየጠበቀ ነበር።

እንግዲህ ጥቅሙ ጉንጭ ላይ ካልተገኘ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። የተገኘውም ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ነው።

በፕላስቲክ መላጫ የሚላጭ አባወራ በቤተሰቡ ዘንድ ሥራ ላይ እንዳለ አይቆጠርም። ሳሙና እንደተቀባ ስልክ ይቀበላል፤ የቤት ኪራዩ መቼ እንደሚከፈል ይጠየቃል፤ የጠፋ ካልሲ ያፈላልጋል። ቁጡው መላጫ በተገዛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በተለይም ባለቤቱ አንድ ጊዜ አገጩ ላይ ሶፍት ለጥፎ ቁርስ ከቀረበ በኋላ፣ ሁኔታው ይለወጣል። ልጅ “አባዬ!” ብሎ በሩን ሲመታ ከወጥ ቤት “ተወው፣ በምላጭ ነው!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጁ ይመለሳል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሰውየውን የሚጠይቀው፣ የሚያዝዘው፣ የሚያስታውሰው የለም። እሱም ቢሆን ስለ ኪራዩ ሊያስብ አይችልም፤ ያሰበ ዕለት ይቆረጣል።

6. የጥናቱ ውስንነት

ጥናቱ ጢማቸው ያልበቀለ፣ ጢማቸውን ያሳደጉና ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶችን አላካተተም። የመጨረሻዎቹ በሩን የሚመታባቸው ስለሌለ የመላጫው ቁጣ ምን እንደሚጠቅማቸው መለየት አልተቻለም። የላይኛው ከንፈርም ሳይጠና ታልፏል፤ በዚህ ረገድ አጥኚው የጂሌትን ፈለግ ተከትሏል።

7. ማጠቃለያና ይሁንታ

የጥናቱ መሪ ጥያቄ ምላሽ አግኝቷል። ሰው ቁጡውን መላጫ የሚመርጠው ጢሙን ይበልጥ ስለሚያነሣለት አይደለም፤ ያንን ብልጫ ምሳ ሰዓት ይወስድበታል። የሚመርጠው ቤተሰቡ የሚያከብረው አደጋ ስለሆነ ነው። ለመላጫ የተከፈለው ዋጋ በትክክል ሲሰላ የአሥር ደቂቃ ጸጥታ ዋጋ ነው።

ከዚህ በመነሳት የሚከተሉት ይሁንታዎች ቀርበዋል። አምራቾች በማሸጊያው ላይ የሚያሰፍሩትን ማስጠንቀቂያ ለተላጪው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ በሚነበብ ጉልህ ፊደል ቢያሳትሙት ይመረጣል። የትዳር ጓደኞች ከመታጠቢያ ቤት የሚሰማው ከርከርታ ከቆመ በኋላ በሩ ሳይከፈት ረጅም ጊዜ ከቆየ፣ መላጨቱ አብቅቶ ጸጥታው ብቻ መቀጠሉን ቢጠረጥሩ አይሳሳቱም። ወደፊት ለሚነሱ አጥኚዎችም አንድ ክፍተት ተትቷል፦ ጢሙን ለማሳደግ የወሰነ አባወራ ያቺን አሥር ደቂቃ በምን ሰበብ እንደሚያገኛት ገና አልተጠናም። ጫማ መጥረግ በአማራጭነት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ደም ስለማይፈስበት በወጥ ቤት በኩል ተቀባይነት ማግኘቱ ያጠራጥራል።